የዝኩኒ ባለአክሲዮን

ባለአክሲዮን ሆኛለሁ። ባንክ ወይም ሲሚንቶ ፋብሪካ እንዳይመስላችሁ፤ የእርሻ ነው። ወቅቱ ሳይጀመር ለገበሬው ትከፍሉታላችሁ፣ እሱ ይዘራበታል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ድርሻችሁን በሳጥን ትወስዳላችሁ። ሰማዩ ከጨከነ አብራችሁ ትከስራላችሁ፤ ከለገሰ አብራችሁ ትጠግባላችሁ። በጃፓን እንዲህ ያለው አሠራር በፈረንጆቹ 1970ዎቹ «ቴይኬይ» በሚል ስም ተስፋፋ፤ አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ 1986 ጀመሩት። እኔ ገና ዘንድሮ።

ስፈርም የፈራሁት ድርቅን ነበር። ጥጋብን ማን ይፈራል?

የመጀመሪያው ሳጥን ትንሽ ሰላጣና አንድ እስር ፓርስሊ ነበረው። ፎቶ አንስቼ ለወዳጅ ዘመድ ላክሁ። በአምስተኛው ሳምንት ዝኩኒ መጣ። ዝኩኒ ቅጠል ስር ከተደበቀ በቀናት ውስጥ ክንድ ያህላል። የእኔ ገበሬ ደግሞ ድብብቆሽ ላይ ጎበዝ አይደለም መሰለኝ፣ ክንድ ክንድ የሚያህሉ አራት ሰጠኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ስድስት። የትርፍ ክፍፍል ይሉታል ይሄ ነው።

የቅጠላ ቅጠሉ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በሶብላውን ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ ተኛሁ። ጠዋት ሐዘን እንደተቀመጠ ሰው ጠቁሮ ጠበቀኝ። ሳጥን የምታድለው ልጅ ሳቀችብኝ።

«ጋሼ፣ በሶብላ ብርድ አይወድም። እንደ አበባ ውኃ ውስጥ ያቁሙት፣ ውጭ።»

«ድንብላሉንስ?»

«እሱንም ውኃ ውስጥ፤ ግን ላስቲክ አልብሰው ፍሪጅ ያስገቡት።»

አንዱ ይበርደዋል፣ አንዱ ይሞቀዋል። ለልጆቼ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም። ካሮትም ከነቅጠሉ አይቀመጥም አሉ፤ ቅጠሉ እንደ ሥራ ፈት ዘመድ እላዩ ላይ ተጎልቶ ውኃውን ይመጠዋል። የቀይ ስር ቅጠል እንደሚበላ ያወቅሁት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጣልሁት በኋላ ነው። ከቆስጣ ጋር አንድ ዘር ናቸው። ለካ እያንዳንዱን እስር ስጥል ቆስጣ ስጥል ነበር! ንስሐ ልግባ ብዬ በአንድ ምሽት ከነሥሩ ከነቅጠሉ በላሁት። በማግስቱ መጸዳጃ ቤት ያየሁት ቀለም… ኑዛዜዬን ልጀምር ስል ባለቤቴ ከውጭ፣ «ቀይ ስሩ ነው!» አለችኝ።

ዝኩኒውን ግን መብላት አልቻልንም። ስለዚህ ደግ ሰው ሆንሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ለጋስ ሆኜ አላውቅም። ሁለቱን ታቅፌ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

«ኧረ አታስቸግር!» አለኝ።

«ምን ችግር አለው፣ የራሳችን እርሻ ነው።»

«እውነቴን ነው፤ አታስቸግረን።»

ከዚያ ወዲህ መምጣቴን ሲያይ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወጣል። ጉልበቱን ያመዋል ሲባል ሰምቼ ነበር። ማዶ ያሉት ደግሞ ሳንኳኳ ቴሌቪዥኑን ይዘጋሉ፤ የልጃቸው ሳቅ ግን በበሩ ስር ይሰማኛል። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ «ውሰዱ» ብዬ ጽፌ ሦስት አስቀመጥሁ። ምሳ በልቼ ስመለስ አራት ሆነዋል። ለካ ባለአክሲዮኑ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ምዬ ተገዝቼ ነበር፣ ዳግም ላልፈርም። ባለፈው ሳምንት ግን ሳጥኑ ውስጥ ቲማቲም ነበረ። ፀሐዩ ገና አልለቀቀውም፣ ለብ ይላል። ቤት እስክገባ አልታገሥሁም፤ መንገድ ላይ ገመጥሁት። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ፣ ሸሚዜ ላይ ፍሬው ተለጠፈ። በዚያው እጄ ለሚቀጥለው ወቅት ፈረምሁ። ግማሽ ድርሻም አለ ብለውኝ ነበር፤ ኩራቴ አልፈቀደም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሸሚዜን አየችው።

«ፈረምህ?»

«ቲማቲሙን ብታዪው እኮ…»

አልመለሰችልኝም። እንድቀመጥ ብላ ወንበሩ ላይ የነበረውን ዝኩኒ አነሳችልኝ።