ካርቶኑ እንዳይነካ!

ራሱን የሚገዛ ሰው ጠፋ ለምትሉ ሁሉ፣ አሜሪካ ያሉትን አሻንጉሊት ሰብሳቢዎች ላስተዋውቃችሁ። ጎልማሶች ናቸው። ሥራ አላቸው፣ ትዳር አላቸው፣ የቤት ዕዳ አለባቸው። አሻንጉሊት ይገዛሉ። ከገዙ በኋላ አይከፍቱትም። ሃያ ዓመት አይከፍቱትም! ሁዳዴ እንኳ ቢረዝም 55 ቀን ነው። የእነሱ ጾም ግን ፋሲካ የለውም።

የ«ዘ ሲምፕሰንስ»ን አሻንጉሊቶች ብቻ እንይ። ካርቱኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ፎክስ በተባለ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ የጀመረ፣ ስለ ሲምፕሰን ቤተሰብ የሚያወራ ኮሜዲ ነው፤ እስካሁንም አላለቀም። ፕሌይሜትስ የተባለው ኩባንያ ከ2000 እስከ 2004 ድረስ የካርቱኑን ከተማ የስፕሪንግፊልድን ሕዝብ በፕላስቲክ ሲያመርት ከረመ። መጀመሪያ አባትየው ሆመር፣ ልጆቹ ባርትና ሊሳ፣ የሆመር አለቃ ሚስተር በርንስ መጡ። ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ፖሊሱ፣ ቄሱ። በኋላ በኋላ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የጠፋ ሰው ሁሉ አሻንጉሊት ወጣለት። ሆመርማ ልብስ በቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ሰው ይሸጥ ነበር። ሰብሳቢዎቻችንም አንድ ሰው እንዳይጎድል ብለው ሁሉንም ገዙ። የገዛ ጎረቤታቸውን ስም ግን አያውቁም፤ ለዚያ ጊዜ ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ ያሳዘኑኝ መሐንዲሶቹ ናቸው። በጣም ነው የለፉት። አሻንጉሊቶቹ የሚቆሙባቸው ትንንሽ ቤቶች ሠርተዋል፤ የሲምፕሰኖች ሳሎን፣ የአፑ ሱቅ፣ የኑክሌር ኃይል ማመንጫው። ቤቶቹ ድምፅ አላቸው። አሻንጉሊቱን ወለሉ ላይ ስታቆሙት ቤቱ በእግሩ በኩል ማን እንደመጣ ይለያል። ሆመር ከሆነ የሆመርን ንግግር ያሰማል፤ ባርት ከሆነ የባርትን። ወደ ሌላ ቤት ስትወስዱት ደግሞ ሌላ ይናገራል። ለዚያ ዘመን አሻንጉሊት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው አሻንጉሊቱ ከላስቲኩ ሲወጣ ነው። ከወጣ ደግሞ ዋጋው ወደቀ። ስለዚህ ሆመር ዝም፣ ቤቱም ዝም። ሚስት መደርደሪያውን እያየች «ይሄ ነገር ይናገራል ያልከኝ፣ ምንድነው የሚለው?» ብላ ትጠይቃለች። «ብዙ ይላል» ይላታል ባል፣ በኩራት።

በእርግጥ ደካሞችም አሉ። አንዱን ለመክፈት፣ አንዱን ለማስቀመጥ ብለው ሁለት ሁለት ይገዛሉ። ሥጋ ለባሽ ናቸው፣ አንፍረድባቸው።

ጠንካሮቹ ግን ካርቶናቸውን ለፈተና ይልካሉ። ቀልድ አይደለም። በክፍያ የሚመረምሩ ድርጅቶች አሉ። የካርቶኑ ጥግ ታጥፏል? ላስቲኩ ቢጫ ሆኗል? የዋጋ ወረቀት ተልጦ ቆስሏል? ይህ ሁሉ ታይቶ ከመቶ ውጤት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ታሽጎ ለባለቤቱ ይመለሳል። አያችሁ፣ አሁን የማይከፈተው ካርቶን በማይከፈት ሳጥን ውስጥ ገባ። አባትየው «85 አመጣልኝ!» እያለ ለጓደኞቹ ያበስራል። ልጁ ሒሳብ ላይ ስንት እንዳመጣ ብትጠይቁት ግን እናቱን ጠይቁ ነው የሚለው።

ሞኝ እንዳትሏቸው ደግሞ። ነገሩ ኢንቨስትመንት ነው። ኬነር የተባለው ኩባንያ በ1978 የመጀመሪያዎቹን የስታር ዋርስ ፊልም አሻንጉሊቶች ለገበያ ሲያወርድ፣ የዚያ ዘመን ልጆች ሥነ ሥርዓት የሚባል አልፈጠረባቸውም ነበር። ካርቶኑን ቀደው ጣሉ። አሻንጉሊቱን አሸዋ ውስጥ ቀበሩ፣ ገላ መታጠቢያ ውስጥ ዘፈቁ፣ እጁን ገነጠሉ፣ ለውሻ ሰጡ። ባጭሩ ተጫወቱበት። ከዚያ ሁሉ ጥፋት ሳይከፈት የተረፈው ጥቂት ስለሆነ፣ ዛሬ ብርቅዬው በሺዎች ዶላር ይሸጣል።

አስተዋዩ ትውልድ ይህን አየና መላ መታ፤ እኔም አልከፍትም! ጎረቤቱም እንደዚያው አለ። የጎረቤቱ ጎረቤትም። አሁን በ2000 የተሠራው ባርት በየጋራዡ፣ በየምድር ቤቱ፣ አቧራ እንኳ ሳይነካው ተቀምጦ ገዢ ይጠብቃል። አንዳንዱ ብርቅ ሆኖ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ እውነት ነው። አብዛኛው ግን ብርቅ እንዲሆን የሚያጠፋለት አላገኘም። ሁሉም ዘበኛ ሆኖ ሰባሪ ጠፋ። ይህን ገበያ ሊያድን የሚችለው ባንክ አይደለም፤ ያልተገሩ የአምስት ዓመት ልጆች ናቸው። እነሱን ደግሞ ወደዚያ ክፍል የሚያስገባቸው የለም፤ በሩ ተቆልፏል።

የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ቁራጮች የሚሠራው ሌጎም በ2014 የሲምፕሰኖችን ቤት አወጣ፤ 2,523 ቁራጭ። ሳይገጣጠም በካርቶኑ ያስቀመጠው ጀግና ቤት አለኝ ይላል። አለው እንዴ? አለው፤ ፍርስራሹ ተቆጥሮ።

ካርቱኑ ራሱ እነዚህን ሰዎች ከማንም በፊት ነው የነቃባቸው። እዚያ ውስጥ የኮሚክ መጽሐፍ ሱቅ ያለው፣ ፀጉሩን ከኋላ ያሰረ፣ ደንበኛውን ሁሉ የሚንቅ ወፍራም ሰውዬ አለ። በ1999 የሃሎዊን ክፍል ላይ ታዋቂ ሰዎችን እየሰረቀ፣ እንደ ዕቃ በላስቲክ አሽጎ የሚሰበስብ ክፉ ሰው ሆኖ መጣ። መጨረሻው አላማረም። ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚጠነክር ፈሳሽ ውስጥ ወደቀ። አወዳደቁን ግን አልጠላሁለትም። እየሰመጠም ለመታየት የሚያምር አቋቋም ያዘ፣ እንደዚያው ታሽጎ ቀረ።

ሰብሳቢዎቹ ይህን ሁሉ አይተዋል። እንባቸው እስኪፈስ ስቀውበታል። ከዚያ ፕሌይሜትስ የሰውዬውን አሻንጉሊት ከነሱቁ ሠርቶ አወጣላቸው። እነሱም ተሽቀዳድመው ገዙና ሳይከፍቱት አስቀመጡት። ሱቁም እንደ ሌሎቹ ቤቶች ይናገራል። ሰውዬው ስለ ገዢዎቹ ምን እንደሚል መስማት የፈለገ ካርቶኑን መቅደድ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።