«ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው»

አሁንስ በዛ! ትናንት ማታ ስለ አንድ የመኪና አደጋ ለዜና ልጠይቅ ፖሊስ ጋ ደወልኩ። ስንት ሰው ተጎዳ? መንገዱ ተዘግቷል ወይ? በቃ፣ ሌላ አልጠየቅኩም። «ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው።» እንዴ፣ የመንገድ መዘጋትም ይመረመራል? ቃል አቀባዩ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ምክትላቸው «እኔን አይመለከተኝም»፣ ተረኛው «በደብዳቤ ጠይቁ»። የደብዳቤው መልስ ሲመጣ ወሬውን ሰው ሁሉ ረስቶታል። እስከዚያ ቴሌግራም ላይ የተጎዳውን ሁሉ ገድለው ቀብረውታል፤ ከዚያ ያው ፖሊስ ብቅ ብሎ «ካልተረጋገጠ ወሬ ተጠንቀቁ» ይለናል። ታዲያ ማን ያረጋግጥልን?

ደግሞ ዝምታው የሚመጣው ስንጠይቅ ብቻ ነው። ተጠርጣሪ ሲያዝማ ካሜራ የሚጠሩት ራሳቸው ናቸው! ገና ክስ ያልተመሠረተበትን ሰው በካቴና አስቁመው፣ ፊቱን ሳይሸፍኑ፣ ከነሙሉ ስሙ «ወንጀለኛው እጅ ከፍንጅ ተያዘ»። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪለው ንጹሕ ነው የሚባለው ነገር የት ገባ? ነገ ሰዎች ተደርድረው «ያየኸውን ከእነዚህ መሃል ለይ» የሚባለው ምስክር የተጠርጣሪውን ፊት በቴሌቪዥን አይቶ ጨርሷል እኮ። ያኔ ምርመራው አይበላሽም? ሰውየው በነጻ ሲለቀቅስ ካሜራ የሚጠራ አለ? ኧረ ስልክ የሚያነሳም የለ!