«ያው ጌም አይደል? እንደገና ጀምረው»

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሰርዘውታል። ዩዘሬን፣ ጌም ቤቱ ማሽን ላይ በስሜ የተከፈተውን አካውንት፣ ሰርዘውታል! 41 ሰዓት የተጫወትኩት የካውቦይ ወንበዴዎች ጌም፣ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2፣ የለም። ምዕራፍ 6 ላይ ነበርኩ። ዛሬና ነገ ጨርሼው ሰኞ ሪቪውን አወጣለሁ ያልኳችሁ ጌም እሱ ነው።

የኔው ፕሌስቴሽን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ የምጫወተው የሰፈሩ ጌም ቤት ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ተኩል። በሰዓት 60 ብር። አስሉት፣ 2,460 ብር ነው። ብሩን ተዉት ግን፣ ብር ይተካል። ወደ 27 ጠዋት ነው። ቁርሴን ሳልበላ የወጣሁባቸው 27 ጠዋቶች።

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ቤቱ ሞልቷል። ገባሁ፣ ጥግ ያለችዋ ማሽን ጋ ሄድኩ፣ ከፈትኩ። ስሜ የለም። መጀመሪያ ማሽን የተቀያየረ መሰለኝ። የጎኗን ጭረት አየሁት፣ ራሷ ናት።

አስጫዋቹን ጠራሁት። «የኔ ዩዘር የታለ?»

ጆይስቲክ እየጠረገ ነው፣ ቀና እንኳ አላለም። «የቱ?»

«የኔ ነዋ። ጠዋት ጠዋት የምከፍተው።»

«እ፣ እሱን እኮ አጠፋሁት። ሜሞሪ ሞልቶ የኳሱ አፕዴት አልገባ አለ።»

«ጌሙን ነው ያጠፋኸው ወይስ ዩዘሩን?»

«ሁለቱንም።»

እንደ ዘበት። «ሁለቱንም» አለኝ፣ በቃ።

አሁን ስሙኝ። ጌሙን ብቻ ቢያጠፋው አንዲት ቃል አልናገርም ነበር። ጌሙ ከ100 ጊጋ በላይ ነው፣ ቦታ ይበላል፣ ይገባኛል። ሲዲው ሁለት ነው፣ መልሶ መጫን ይቻላል። ፕሌስቴሽን 4 ላይ ጌሙ ሌላ ነው፣ ሴቩ፣ ማለትም የደረስክበትን የሚይዘው ፋይል፣ ሌላ ነው። ጌሙ ጠፍቶም ሴቩ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ዩዘሩ ከተሰረዘ ግን ሴቩ አብሮ ይሄዳል። ይህን ማሽኑ ራሱ ጽፎ ያስጠነቅቃል፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሱ ሳያነብ ተጫነው። ሴቩ ደግሞ ከአንድ ዘፈን ብዙ አይበልጥም። ለኳሱ አፕዴት የጠቀመው ነገር የለም። በከንቱ ነው የጠፋው!

ይኼኔ ባለቤቱ መጡ። እኔ እሳቸውን አከብራለሁ። ሁልጊዜ ተነስቼ ነው ሰላም የምላቸው።

«ምንድን ነው ነገሩ?»

«ጋሼ፣ የተጫወትኩትን አጥፍተውብኛል። ልጨርሰው ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ያው ጌም አይደል? እንደገና ጀምረው።»

«41 ሰዓት እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ተጫውተህበታል፣ ተዝናንተህበታል። ሰው ምሳውን በልቶ ሲያበቃ ሒሳቤን መልሱልኝ ይላል?»

ሳቅ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ብሩን ይመልሱልኝ አላልኩም። አንድም ጊዜ ብር አልጠራሁም። እሳቸው ግን ሳቁ ስለጣማቸው ቀጠሉ።

«ደግሞ አንተ ሁልጊዜ ብቻህን ነህ። ጓደኛ የለህም እንዴ? እዚህ ቤት ሰው ከሰው ጋር ነው የሚጫወተው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለት እጄን ይዤ ቆሜያለሁ። ኳስ ሲጫወት የነበረ አንድ ጎረምሳ ጨዋታውን አቁሞ ዞረና፣ «ብሮ፣ መጨረሻውን ዩቲዩብ ላይ እየው» አለኝ። አስከትሎም መጨረሻውን ነገረኝ። ያለውን እዚህ አልደግመውም፣ ከእናንተም ያልጨረሰ አለ። እኔ ግን ሰማሁት። 41 ሰዓት ስሸሸው የቆየሁትን ነገር አንድ የማላውቀው ልጅ አፉን ሞልቶ ነገረኝ።

ወጣሁ።

መንገድ ላይ እየሄድኩ ስንቱ ትዝ አለኝ መሰላችሁ። ገና በሁለተኛው ሳምንት ፍላሽ ይዤ ሄጄ ነበር። ፕሌስቴሽን 4 ሴቭን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይፈቅዳል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ቫይረስ ታመጣብናለህ» ብሎ የከለከለኝ ይኸው አስጫዋች ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ሰዓቴ ሳያልቅ ሁለት ልጆች መጡና «እነሱ ሁለት ናቸው፣ አንተ አንድ ነህ» ብሎ አስነሳኝ። ስብሰባ ላይ ያለ እጅ የሚቆጠር ነው የሚመስለው። እሺ ብዬ ተነሳሁ። አሁን ሳስበው ያን ቀን መነሳት አልነበረብኝም።

የንግዱን ነገር አውቀዋለሁ። ኳስ በጨዋታ ነው የሚከፈለው፣ ተሸናፊው ይነሳል፣ ሌላው ይገባል፣ ገንዘቡ ይሽከረከራል። ብቻውን የሚጫወት ሰው ወንበር ይይዛል። እሺ፣ ስለዚህ ነው ሰው በሌለበት ሰዓት የምሄደው። የሚያንገበግበኝ «ያው ጌም» የምትለዋ ቃል ናት።

ያው አይደለም! ኳሱን ብታጠፋው ነገ ያው ሜዳ፣ ያው ማሊያ፣ ዜሮ ለዜሮ ትጀምራለህ። ታሪክ ያለው ጌም ግን ወደፊት ብቻ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ላይ የሠራኸው ነገር መጨረሻ ላይ ይጠብቅሃል። ምን ማለቴ እንደሆነ እዚሁ ጌም ላይ ላሳያችሁ። መሀሉን ልናገር ነው፣ ያልተጫወታችሁት «እናንተም ላይ ትንሽ አለኝ» እስከምልበት ዝለሉ።

ምዕራፍ 2 ላይ አርተር፣ አንተ የምትጫወተው ወንበዴ፣ ብድር ሊያስመልስ ወደ አንድ ገበሬ ይሄዳል። ሰውየው ከሲታ ነው፣ ታሟል። አርተር ይመታዋል። ሰውየው ፊቱ ላይ ያስልበታል። አለቀ። ሙዚቃ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ፈረስህ ላይ ወጥተህ ወደ ሌላ ሥራ ትሄዳለህ። ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት አውሬ ታድናለህ፣ ትዘርፋለህ፣ ቡና ታፈላለህ። ቀስ በቀስ አርተር ማሳል ይጀምራል። ብርድ ነው ብለህ ታልፈዋለህ። ምዕራፍ 6 ላይ ሴንት ዴኒስ ከተማ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ሐኪሙም የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ይነግረዋል። ያን ጊዜ ነው ያ ገበሬ ትዝ የሚልህ። በገዛ እጅህ፣ በራስህ ጆይስቲክ ነው የመታኸው።

ታዲያ ይህን ጌም አሥር ሰዓት ተጫውቶ ሪቪው የሚጽፍ ሰው ምን ሊል ነው? «ያምራል፣ ይዘገያል፣ ፈረስ መንዳት ይበዛዋል» ይላል። እውነት ነው፣ ይዘገያል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በረዶ ውስጥ ሲያዘግም ትዕግሥት ይጨርሳል። ሚሽኖቹም፣ ጌሙ የሚሰጥህ ሥራዎች፣ ግትር ናቸው፣ ካሰመሩልህ መንገድ ትንሽ ወጣ ስትል «አልተሳካም» ይልሃል። ይህን ሁሉ ልጽፍ ነበር። ግን ያ መዘግየት ለምን እንደሆነ የሚገባህ ምዕራፍ 6 ስትደርስ ነው። ብቻህን የምትጫወተውን ክፍል ሳትጨርስ መፍረድ አይቻልም። ስንት ጊዜ ነው የምለው?

እናንተም ላይ ትንሽ አለኝ። «ከ10 ስንት ሰጠኸው?» የምትሉኝን ማለቴ ነው። ሦስት ገጽ ጽፌ የመጀመሪያው ኮሜንት «ከ10 ስንት?» ነው። ቁጥር ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በፈረንጆቹ 2010 የወጣው ጌም ፎልአውት ኒው ቬጋስ ሠሪዎቹ ቦነስ የሚያገኙት ሜታክሪቲክ ላይ፣ የገምጋሚዎችን ነጥብ አማካይ የሚያወጣው ድረ ገጽ ላይ፣ 85 ካመጣ ነበር። 84 አመጣ። በአንድ ነጥብ ቀሩ! ያን ነጥብ ከሰጡት ሰዎች ስንቱ እስከ መጨረሻው ተጫውቶት ይሆን እያልኩ ሁልጊዜ አስባለሁ።

ርዝመት የምትቆጥሩም አላችሁ። ታይታንፎል 2 የሚባለው የተኩስ ጌም ታሪኩ ወደ ስድስት ሰዓት ነው የሚፈጀው። ስድስት ሰዓት ብቻ! ከዚያ ውስጥ አንዲት ሚሽን አለች፣ በአንድ ቁልፍ ጊዜን እያለፍክ በፈራረሰው ሕንፃና ከመፍረሱ በፊት በነበረው መካከል የምትዘልባት። ከዚያች ሚሽን ጋር የሚስተካከል ነገር 60 ሰዓት ከሚፈጁት ብዙዎቹ ውስጥ አላየሁም። ምን ዋጋ አለው፣ ኦክቶበር 28 ቀን 2016 አወጡት። ከሳምንት በፊት ባትልፊልድ 1፣ ከሳምንት በኋላ ኮል ኦፍ ዱቲ፣ ሁለቱም ግዙፍ የተኩስ ጌሞች። ያውም ባትልፊልድ የራሱ የአሳታሚው ነው። ወንድም ከወንድም አጋጭተው መሀል ላይ አስረገጡት።

ከዚያ ወዲያ ምን መጣ? በ2018 የኮል ኦፍ ዱቲው ብላክ ኦፕስ 4 ካምፔይን፣ ብቻህን የምትጫወተው ታሪክ፣ ሳይኖረው ወጣ። በ2021 ባትልፊልድ 2042 እንደዚያው። ሰው የሚፈልገው ኦንላይን ነው ይሉናል። የኛ አገር ኔትወርክ ያለበት ሰው ምን ያድርግ? ሌላም አለ። የመኪና ውድድሩ ጌም ግራን ቱሪስሞ 7 በማርች 2022 ሰርቨሩ ከ30 ሰዓት በላይ ሲጠፋ፣ ብቻህን የምትነዳው ክፍል እንኳ አብዛኛው አልከፈት ብሎ ነበር። በ2024 ደግሞ ጋድ ኦፍ ዎር ራግናሮክ ለኮምፒውተር ሲወጣ የፕሌስቴሽን ኔትወርክ፣ የሶኒ የኦንላይን አገልግሎት፣ አካውንት ግድ ነው ተባለ። አባትና ልጅ የሚጓዙበት፣ ለአንድ ሰው የተሠራ ጌም ነው! አገልግሎቱ በይፋ በሌለባቸው አገሮች ጭራሽ ለሽያጭ አልቀረበም። የኛም አገር እዚያ ውስጥ ነበረች። ግዴታውን ያነሱት በ2025 ነው። ብቻህን መጫወት ትፈልጋለህ? ከእነሱም፣ ከሰፈሩ ጌም ቤትም መልሱ አንድ ነው። ተነስ ነው።

ደክሞኛል እውነት።

ግን ልጁን ልንገራችሁ። ፍላሹን ይዤ የተከለከልኩ ቀን ከኋላዬ ቆሞ የነበረው ልጅ። የከሰዓት ተማሪ ነው፣ 12 ዓመት ቢሆነው ነው። የሚጫወትበት ብር የለውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጣ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። እንግሊዝኛው አይገባውም፣ እኔ በአማርኛ እመልስለታለሁ። ሰው ሲናገር አቁሜ እተረጉማለሁ፣ እቀጥላለሁ። ሰዓቴን እየበላብኝ እኮ ነው፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ፈረሱን ዳማ ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው። አንድ ቀን ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደሚባሉ ከትምህርት ቤት ሰምቶ መጣና፣ «እንግዲህ አርተር አባ ዳማ ነው» አለኝ። ሳልበላው ከሮጥኩ ይቆጣኛል። «ፈረሱን አብላው እንጂ!» ይላል።

ሐኪሙ ጋ የደረስን ቀን ዝም አለ። ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። ቆይቶ፣ «ያ ሰውዬ ነው አይደል? የመታነው ሰውዬ» አለኝ።

«የመታነው» ነው ያለው፣ ልብ በሉ። እኔ ያን ጌም ልገመግም ስዘጋጅ ከጻፍኩት ማስታወሻ ሁሉ ያቺ አንድ ቃል ትበልጣለች።

ዛሬ ሲስቁብኝ እሱም እዚያው ነበር። አልሳቀም። ወጥቼ ስሄድ ሮጦ ደረሰብኝ። «የነገሩህ እውነት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? «አላውቅም፣ ራሳችን እናየዋለን» አልኩት። «ዳማስ?» አለኝ። ሆዴን ባር ባር አለው።

ስለዚህ ሰኞ ሪቪው የለም። አትጠይቁኝ። ዩቲዩብ አይቼ አልጽፍም፣ ሰው በነገረኝ መጨረሻ አልፈርድም። እዚያ ቤትም አልመለስም። ከበረዶው እንደገና እጀምራለሁ። በደንብ ስለማውቀው 30 ሰዓት ይበቃኛል፣ እስከ መጨረሻው ደግሞ ሌላ 15 ጨምሩበት።

ፕሌስቴሽን 4 ያለው፣ ለሁለት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ሊያስጫውተኝ የሚችል ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የሰዓቱን እከፍላለሁ። ፍላሽ እኔ አመጣለሁ። ልጁንም ከእናቱ አስፈቅጄ ይዤው ነው የምመጣው።