ኮፈን የከፈተ ችሎት ከፈተ

አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ (ትንሿን ቶዮታ) መንገድ ዳር አቁሞ ኮፈን መክፈት ማለት ሳያውቁት ችሎት መጥራት ነው። ኮፈኑ ገና በዘንጉ ሳይደገፍ ዳኞቹ ተሰይመዋል፤ የፓርኪንግ ልጁ፣ ሊስትሮው፣ ሁለት የሜትር ታክሲ ሹፌሮችና አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ። ተከሳሿ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ) ትንቀጠቀጣለች፣ ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ትጠፋለች፣ ቤንዚን ትጠጣለች፤ ዳሽቦርዷ ላይ ደግሞ ያቺ ቢጫ የሞተር ምልክት ቦግ ብላለች። ማስረጃው ይኸው ነው። ፍርዱ ግን እንደየዳኛው ይለያያል። አንዱ "ካንዴላ ነው፣ በኔ ይሁንብህ" ይላል። ሌላው "ውሃ ያለበት ቤንዚን ነው የሞሉልህ" ብሎ ማደያውን ይከሳል። ጋሼ "ካርቡራተር እያለ እንዲህ ያለ ጣጣ መቼ ነበር!" ብለው ዘመኑን በሙሉ ይፈርዱበታል። እስካሁን ዝም ብሎ የቆየው፣ እጁን ኪሱ የከተተው ሰውዬ በመጨረሻ ከንፈሩን መጠጥ ያደርግና "ሞተር ይወርዳል" ይላል። ዝምታ ይሰፍናል።

"ሞተር ይወርዳል"፣ ማለትም ወጥቶ ይበተናል፣ ይግባኝ የለውም። ደግሞ ማዕረግ አለው። ባለመኪናው ይደነግጣል እንጂ ውስጡ በትንሹም ቢሆን መኩራቱ አይቀርም፤ ቡና ላይ "ሞተር አወረድኩ" ያለ ሰው አድማጭ አያጣም። "አውራ ጣት የምታክል ቫልቭ በአንድ ቡሎን ፈትቼ ቀየርኩ" ለሚል ግን ማን ጆሮ ይሰጠዋል?

አንዳንዴ ግን ጥፋተኛዋ ያቺው አውራ ጣት የምታክል የዘይት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ናት። ሞተሩ ሽፋን ላይ "ቪ-ቪ-ቲ-አይ" ተብሎ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም፤ የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ እንደሁኔታው የሚቀያይር ሥርዓት ነው። አየር ማስገቢያ ቫልቮችን የሚከፍተው ካምሻፍት ጫፉ ላይ ውስጡ ክፍልፋይ ያለው ጥርስ አለው። ዘይት በአንዱ በኩል ሲገፋው ቫልቮቹ ቀደም ብለው ይከፈታሉ፤ በሌላው በኩል ሲገፋው ይዘገያሉ። ዘይቱን ወዲህና ወዲያ የምትመራው ይህቺ ቫልቭ ናት። በአንድ ጫፏ የሽቦ ጥቅል፣ በሌላው ቀዳዳ ባለው ቱቦ ውስጥ የሚንሸራተት ቀጭን ዘንግ አላት፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ኤሌትሪክ እየቆራረጠ ሲልክላት ዘንጉ ይንቀሳቀሳል። በዘንጉና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ የረጋ ዘይት ጭቃ ይበቃታል። ቀድሞ የመክፈቻው ቦታ ላይ ከተነከሰች ሚኒሞው ይረበሻል፣ ሞተሩም ይጠፋል። በማዘግየቱ በኩል ከቀረች ሚኒሞው ሰላም ሆኖ ዳገት ላይ ጉልበት ይጠፋል።

ስካነር (የኮምፒውተሩን የብልሽት ኮድ የሚያነበውን መሣሪያ) የሰካ ሰው ፒ0011 ካነበበ ካምሻፍቱ ከታዘዘው በላይ ቀድሟል፤ ፒ0012 ከሆነ ዘግይቷል። ቀደም ያሉት ሞዴሎች ላይ ፒ1349 ሊል ይችላል። ፒ0010 ግን የኤሌትሪክ ጉዳይ ነውና ሶኬቱና ሽቦው ይቅደሙ። እዚህ ላይ ነው ሌላው ባህላችን የሚመጣው፦ ኮዱን አንብቦ፣ ኮዱን አጥፍቶ፣ ሒሳብ ተቀብሎ "አለቀ" ማለት። መብራቷ በሦስተኛው ቀን ስትመለስ "አዲስ ችግር ነው" ይባላል።

እውነቱን ለማወቅ ቫልቯን ራሷን መጠየቅ ነው። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሳለ ካምሻፍቱን ከሚያዞረው ካቴና በኩል ባለው የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጫፍ ላይ ያለውን የቫልቯን ባለሁለት ሽቦ ሶኬት ንቀሉ። ጤነኛ ከሆነች ሞተሩ እንደነበረው ይቀጥላል። ከዚያ ሁለቱን እግሮቿን ለአፍታ ብቻ ከባትሪው 12 ቮልት አገናኙ። ሞተሩ መንቀጥቀጥ ወይም ጭራሹን መጥፋት አለበት። ሲጠፋ ከዳኞቹ አንዱ "ይኸው፣ ገደልካት!" ማለቱ አይቀርም፤ አትስሙት፣ መጥፋቷ የጤና ነው። ምንም ካልተለወጠ ነው ማዘን፤ ወይ ቫልቯ ደርቃለች ወይ የዘይት መንገዷ ተደፍኗል። ቴስተር ያለው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሽቦ ጥቅሏን ይለካ፤ 20 ዲግሪ ላይ ከ6.9 እስከ 7.9 ኦም ነው።

መፍታቱ ከክርክሩ ያጠረ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ቁልፍ 10 ይበቃል። አካባቢውን አስቀድሞ በብሩሽ መጥረግ ግድ ነው፣ ቫልቯ ስትወጣ አቧራው የሚገባው ወደ ሞተሩ ሆድ ነዋ። የሶኬቱ ፕላስቲክ በዕድሜ ስለሚደርቅ መቆለፊያውን ተጭኖ በቀስታ። ቡሎኗ ከወጣች በኋላ ቫልቯን በእጅ ግራና ቀኝ እያዞሩ ወደ ውጭ መሳብ ነው፤ የያዛት ኦሪንጉ፣ የጎማ ቀለበቱ ነው። ካቻቢቴ የሚያነሳ ሰው ካለ ሻይ ጋብዙትና ራቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ቴስታታው አልሙኒየም ነው። አሮጌው ኦሪንግ ጉድጓዱ ውስጥ አለመቅረቱን እዩ። አዲሱን ዘይት ቀብታችሁ ቫልቯን በእጅ እስከ መጨረሻ አስገቡ፣ ቡሎኗ እየጎተተች እንድታስገባት አትተዉ። ማጥበቂያው ከ7.5 እስከ 9 ኒውተን ሜትር ነው፤ በሰፈር ቋንቋ የእጅ አንጓ እንጂ ክንድ አይደለም። እኛ ዘንድ ግን "ጥበቅ" ማለት ፊት እስኪቀላ ነው፤ እናም የአሥር ደቂቃው ሥራ የተቆረጠ ቡሎን ማውጣት ይሆንና ግማሽ ቀን ይበላል። ሲልኮን ደግሞ በፍጹም! ተርፎ የሚወጣው ፍርፋሪ ሄዶ የሚደፍነው ያንኑ የዘይት መንገድ ነው።

ከቫልቯ ብዙም ሳይርቅ በራሷ ቡሎን የተዘጋች ትንሽ የዘይት ወንፊት አለች። መኖሯን የሚያውቅ ስለሌለ ማንም አያጸዳትም። እሷ በቆሻሻ ተደፍና ሳለ አዲስ ቫልቭ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

ዕቃው የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይገኛል። ሻጩ "ኦሪጅናል ናት፣ ከጃፓን የተፈታች" ይላል፤ እናንተ አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱና ርዝመቷንና የሶኬቷን አቅጣጫ አመሳስሉ፣ ከዚያ ባትሪ አስነኩ። ቀጭ ብላ ዘንጓ ካልተንቀሳቀሰች ከየትም ብትፈታ አትጠቅምም። ሻጭ የማይነግራችሁ ግን ሌላ ነገር አለ፦ አሮጌዋ ራሷ በካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይ ታጥባ ዘንጓ እንደልቡ መንሸራተት ከጀመረ ልትድን ትችላለች።

እዚህ ሁሉ ያደረሳት ዘይቱ ነው። ለቪትዝ ሞተር የተጻፈው እንደ 5ደብሊው-30 ያለ ቀጭን ነው፤ ዘይትና ፊልትሮ አብረው ሲቀየሩ ደግሞ የአራት ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ሰፈሩ ግን "አሮጌ ሞተር ወፍራም ይወዳል" ብሎ 20ደብሊው-50 ያስቀዳል። ወፍራሙ ዘይት በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ለመድረስ ይዘገያል፤ መቀየሪያ ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ ይረጋል። ሞተር ለማውረድ ብር የሚበደር ሰው የዘይት መቀየሪያው ቀን ሲደርስ "እስቲ ደሞዝ ይውጣ" ይላል። ከሁሉም የሚያስቀው የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቦ፣ ጥቁሩን ዘይት በጣቱ አሽቶ "ገና ነው" የሚለው ነው።

ይህን ሁሉ መስማት የሰለቸው ባለመኪና ደላላ ይጠራል። ደላላው ብልህ ነው፤ መኪናዋን አያሠራትም፣ ቢጫዋን መብራት ያሠራታል። የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ ኮዱን ለጥቂት ቀን ያስረሳታል፤ ጨከን ካለም አምፖሏን ይነቅላል። ስለዚህ ቪትዝ የምትገዙ ሰዎች፣ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን አብሩና ዳሽቦርዱን እዩ። የባትሪውም፣ የዘይቱም፣ የሞተሩም ምልክት መብራት አለባቸው። ሌሎቹ በርተው የሞተሯ ምልክት ብቻ ከጨለመች፣ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት አምፖሏ የት እንደሄደች ጠይቁ።