ላባው ይምጣ፣ ጨው ይቅር

እንኳን ደስ አለን! ሰሞኑን ደግሞ አንድ አዲስ ምናባዊ ዓለም ተፈጥሮልናል። ካርታው አሮጌ ብራና መስሏል፤ ጠርዙም በኮምፒውተር ተለብልቧል። 12 መንግሥታት ሰፍረውበታል። 9ኙ ባላባት፣ ዓርማና የዘር ሐረግ ያላቸው፣ በአይብ ቀረጥ ተጣልተው መቶ ዓመት የተዋጉ አገሮች ናቸው። የቀሩት 3ቱ «ምሥራቁ»፣ «የአሸዋው ሰዎች» እና «ደኑ» ይባላሉ። የፋንታሲ ሚና ጨዋታ (ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ የደንብ መጽሐፍና ዳይስ ይዘው፣ በአንድ ጨዋታ መሪ እየተመሩ ምናባዊ ጀግና ሆነው የሚጫወቱትን) የሚጫወት ሰው ይህን ካርታ ሳይገለጥ ያውቀዋል። ሠሪው ይለወጣል እንጂ ካርታውስ ያው ነው።

እኛ ግን አመስጋኞች ነን። የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለማወቅ ዕድሜያቸውን የሚፈጁ ምስኪኖች ባሉበት ዓለም፣ ዓለም ፈጣሪዎቻችን ሥራውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሱታል። ሦስት ሥዕል ይበቃል፦ አንድ ባርኔጣ፣ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ጣሪያ። ቀጥሎ የእውነተኛው ሕዝብ ስም ይወሰድና ሁለት ፊደል ይቀየርበታል። አሁንም ከታወቀ መሀሉ ላይ ጭረት ይደረግበታል። ጥንት ስም ይወጣ የነበረው ከቤት ነው፤ ዛሬ ከጭረት ሆኗል። ጥ'ላካን፣ ሻ'ሉቅ፣ ዝ'ኩታል። ማንም አፉ ላይ ስለማይቆምለት በሦስተኛው ጨዋታ ሁሉም «ባለ ላባዎቹ» ይላቸዋል። በመጨረሻ ጉልበት ላይ 2 ነጥብ ይጨመራል፣ ብልህነት ላይ 2 ይቀነሳል። ሥልጣኔ ተፈጠረ ማለት ነው።

ሰሜኖቹንም አንርሳ፤ ቀንዳቸው እንዳይከፋው። የቫይኪንግን ባለ ቀንድ ቆብ በዓለም ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1876 በጀርመን ባይሮይት ለኦፔራ መድረክ የተሰፋ ልብስ ነው። በ1943 ኖርዌይ ውስጥ የተገኘው የዘመኑ የብረት ቆብ ቀንድ የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም ነበር። ልሙጥ ቆብ የመጣበትን መጥረቢያ አንሸራትቶ ያሳልፈዋል፣ ቀንድ ግን ይዞ ያስቀረውና አንገት ያስቆለምማል። የእኛ ሰሜኖች ግን ቀንዳቸውን ለብሰው +1 መከላከያ ያገኙበታል። ፈረሰኞቹ የደረቅ ሜዳ ሰዎችም እንዲሁ የተባረኩ ናቸው። የሞንጎል ጦር በ10፣ በ100፣ በ1,000 እና በ10,000 የተደራጀ ነበር፤ አንዱ ጋላቢም ከአንድ በላይ ፈረስ ይነዳ ነበር። 10,000 ሰው ሦስት ሦስት ፈረስ ቢይዝ፣ ፈረሱም በቀን 6 ኪሎ ግራም ደረቅ ሣር ብቻ ቢበላ፣ በየቀኑ 180 ቶን ሣር ያስፈልጋል። በጨዋታው መጽሐፍ ይህ ጦር የበረዶ ተራራ ላይ ያለ ምሽግ ከብቦ ክረምቱን ያሳልፋል። ፈረሶቹ ምን እንደሚበሉ አልተጻፈም፤ ምናልባት ክብር።

የጥበቡ ቁንጮ ግን ደኑ ነው።

ደኑን ለመሥራት ከአሜሪካ አህጉራት ነባር ሕዝቦች ፒራሚዱን ከማያ፣ የሰው መሥዋዕቱን ከአዝቴክ፣ ላማዋን (የተራራ የጭነት እንስሳ ናት) ከኢንካ ወስዶ በአንድ ድስት መቀቀል ነው። በደቡቡ ዝቅተኛ ምድር ያሉት ታላላቅ የማያ ከተሞች በአብዛኛው ሰው የለቀቃቸው በ9ኛው መቶ ዘመን መሆኑ፣ የአዝቴኮቹ ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን የተቆረቆረችው ግን በ1325 መሆኑ አያሳስብም። የኢንካዎቹ ዋና ከተማ ኩስኮ በሌላ አህጉር፣ ከባሕር ጠለል 3,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ መገኘቷም ችግር የለውም። ላማዋ ወረደች እንጂ ምን ሆነች? የብርድ አገር ፀጉሯን እንደለበሰች እባብና ትንኝ መሀል ቆማለች። የምትሸከመው ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ነው፤ ሲበዛባት ተኝታ ትተፋለች። በመጽሐፉ ግን ጥሩር የለበሰ ጎልማሳ ሻምላውን ታጥቆ ይጋልባታል። እንዲህ ያለ 500 «የላማ ፈረሰኛ» አለ። ደንቡ በትክክል ቢሠራ የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ 500 ላማ ተኝቶ፣ 500 ጀግና ምራቅ በምራቅ ሆኖ ጦርነቱ ያበቃ ነበር። እኔ በበኩሌ ያንን ጦርነት ብጫወተው ደስ ይለኛል።

የደኑ ንጉሥ ጀግኖቹ ድንበር በረገጡ ማታ ወሬው ይደርሰዋል። እንዴት? በአስማት። ኢንካዎች በየጣቢያው የሚቀባበሉ ሯጮች ነበሯቸው፤ ብዙ ጊዜ እንደሚገመተው መልእክቱ በቀን 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ሒሳባቸውን የሚይዙት ኪፑ በሚባል ባለ ቋጠሮ ገመድ ነው። እስቲ አስቡት፦ ጀግኖቹ መልእክተኛውን ይይዛሉ፣ ከወገቡ ገመድ ያወጣሉ፣ ቋጠሮውን የሚፈታላቸው ባለሙያ ግን የሞተው በእነሱ ቀስት ነው። አንድ ምሽት ሙሉ የሚያጫውት ነገር! ዓለም ፈጣሪያችን ግን ገመዱን ጥሎ «በጥንታዊ ቋንቋ የተጻፈ ጥቅል» አስቀመጠ። ለመፍታት በዳይስ 15 እና ከዚያ በላይ ጣሉ።

መቃብሩስ? በኩስኮ የሞተ ንጉሥ ሬሳው ደርቆ ቤተ መንግሥቱን፣ መሬቱንና አገልጋዮቹን እንደያዘ ይቆይ ነበር። በበዓል ቀን አደባባይ ይወጣል፣ ዘመዶቹም ስለ እሱ ሆነው ይናገሩለታል። ወርቁን ሊዘርፍ የገባ ጀግና የሚገጥመው እንግዲህ ባለ ርስት ሙትና የተቆጡ የልጅ ልጆቹ ናቸው። መጽሐፉ ይህን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቋጭቶታል፦ «በክፍሉ 4 አጽሞች አሉ። ያጠቃሉ።»

አዝቴኮች ጎረቤታቸውን ትላሽካላን ዙሪያዋን ከበው ጨውና ጥጥ ከልክለዋት ነበር፤ እሷ ግን አልገበረችም። በ1519 እስፓኞች ሲመጡ ተዋግታ፣ መዝና፣ ከእነሱ ጋር ወገነች። ጨው የሚያሾልክ ነጋዴ፣ ወንድሙ ለመሥዋዕት የተማረከበት መኳንንት፣ የማይታወቅ እንግዳ ጦር። ሁለት ዓመት የሚያጫውት ታሪክ ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር። በምትኩ የተጻፈው «ይህ ሕዝብ ደም ይወዳል» የሚል ነው። የቆጡን ላባ አወርድ ብሎ የብብቱን ጨው ጣለ።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ትንሽ ይቆየኝ። በመቅድሙ «ከጠፉ ሕዝቦች ተነሥተን» ይላል። ማን ነው የጠፋው? በጓቴማላና በሜክሲኮ ዛሬ ሚሊዮኖች በማያ ቋንቋዎች ይናገራሉ። በአንዲስ ተራሮች የኢንካዎቹን ቋንቋ ኬችዋን የሚናገሩትም ሚሊዮኖች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ጠረጴዛው ዳር ሊቀመጥ፣ መጽሐፉን ሊገልጥ፣ የአያቱን ቀሚስ የለበሰ ሥዕል ሊያይና ከሥሩ «ዝንባሌ፦ ክፉ፤ ብልህነት፦ −2» የሚል ሊያነብ ይችላል። ይህን የጨዋታ ሚዛን ነው አትበሉን። ነውር ነው። «ልብ ወለድ እኮ ነው» የምትለዋም ማምለጫ አትሠራም፤ ፒራሚዱን ሽፋኑ ላይ ስታወጡት ማንን እንደምትመስሉ በደንብ ታውቁ ነበር።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። የእነዚህን አገሮች ሰዎች በተሰባበረ ድምፅ የሚያናግር ጨዋታ መሪም ምስጋናችን አይቅርበት። ከ9ኙ አገር የመጣ ጠጅ ሻጭ ሁሉ እንደ ጠበቃ ሲናገር፣ የደኑ ሊቀ ካህናት ግን ግሥ መርባት አይችልም። ደግሞ በሌላው ጫፍ ያለው ወንድማችን አለ፤ ስለ ሸክላ ጌጥ 60 ገጽ ጽፎ ተጫዋቾቹ ዳይስ ሳይነኩ የሚያስተኛ። እሱን ግን አልጨክንበትም፤ ቢያንስ ማሰሮው ውስጥ ምን እንደነበረ ጠይቋል።

አደጋው የሚመጣው እንደ እሱ ያለ ጠያቂ በተጫዋቹ ወገን ሲቀመጥ ነው። የደኑ ዋና ከተማ 200,000 ነዋሪ አላት ተብሏል፤ በካርታው ግን ዙሪያዋን ያለው ዛፍና እባብ ብቻ ነው። አንዷ ተጫዋች እጇን ታነሣለች፦ «ይህ ሁሉ ሰው ምን በልቶ ያድራል?»

ቴኖችቲትላን መልስ ነበራት። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ እንጨት ቸክለው፣ ጭቃና ሣር ደራርበው የሠሩት ቺናምፓ የሚባል መደብ በዓመት ደጋግሞ ይታጨዳል፤ ምርቱም በታንኳ ገበያ ይገባል። መደቡን የያዘ ከተማዋን ያዘ፤ ግድቡን ያፈረሰ ያስርባታል። ጨዋታ መሪው ገጹን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ፣ ስለ ምግብ የተጻፈ አጣ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«በዚህ ጊዜ» አለ፣ «እሳተ ገሞራው ፈነዳ።»

«የጨውስ ዋጋ?» አለች።

ሁለተኛውም ፈነዳ።