ኢንግሪድ በርግማን የኢንግማር ሚስት አልነበረችም

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ጥሩ ነው፤ ግን «ተዋናይቷ ኢንግሪድ በርግማን የዳይሬክተሩ የኢንግማር በርግማን ሚስት ነበረች፣ ለዝና ያበቃትም እሱ ነው» ያልከው ስህተት ነው። እህቱም አይደለችም። ምንም ዝምድና የላቸውም። እሷ እ.አ.አ. በ1915 ስቶክሆልም ውስጥ የተወለደች የፎቶ ቤት ባለቤት ልጅ ናት፣ እሱ ደግሞ ኡፕሳላ የተወለደ የቄስ ልጅ።

ውዥንብሩ የመጣው ኢንግማር በ1971 ያገባት ሌላ ሴትም ኢንግሪድ ስለምትባል ነው፤ የባሏን ስም ስትይዝ እሷም ኢንግሪድ በርግማን ተባለች። የተዋናይቷ ባሎች ግን በተራ ስዊድናዊው ሐኪም ፔተር ሊንድስትሮም፣ ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሮቤርቶ ሮሴሊኒና የቴአትር ፕሮዲውሰሩ ላርስ ሽሚት ነበሩ።

ሁለቱ በርግማኖች አብረው የሠሩት አንድ ፊልም ብቻ ነው፣ በ1978 የወጣው «ኦተም ሶናታ»። እሷ እዚያ የደረሰችው ሦስት ኦስካር ወስዳ፣ በ1947 በኒውዮርኩ የቴአትር መድረክ ብሮድዌይ ላይ በፈረንሳዊቷ ጀግና በጆአን ኦፍ አርክ ሚና የቶኒ የቴአትር ሽልማት አግኝታ፣ ባለትዳር ሳለች ከሮሴሊኒ ጋር በጀመረችው ፍቅር አሜሪካ ሴኔት ውስጥ ሳይቀር ተወግዛ በ«አናስታሲያ» ፊልም ወደ ሆሊውድ ከተመለሰች ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ለፍታ ያገኘችውን ባሏ ላልነበረ ሰው መስጠት በጣም ያሳዝናል። እባክህ አስተካክለው።