መሐንዲስ ምክር ቤት ይግባ? የደቻቱ ወንዝ ዳር ክርክር

ጥያቄው አጭር ነው፦ ሲቪል መሐንዲስ ለድሬዳዋ ምክር ቤት ይወዳደር ወይስ ሙያው ላይ ይቆይ? ይወዳደር የሚሉት የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ የመጋላ ሰው። አይወዳደር የምትለው ደግሞ ራሷ መሐንዲስ ናት፤ የምትኖረው ሳቢያን ነው።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ እኔ የፉርጎ እግር በመዶሻ እየመታሁ ነው ያረጀሁት። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። አለቃዬ ድምፁን የማይለይ ቢሆን ኖሮ የኔ «ስንጥቅ አለ» ማለት ምን ይረባ ነበር? ሐምሌ 1998 ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። ጠዋት አሸዋው ላይ የልጅ አልጋ ተዘቅዝቆ አየሁ። ስለዚህ «ይህ የጎርፍ መከላከያ ግድግዳ ስንት ውሃ ይችላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወንበሩ ላይ እፈልጋለሁ። ደግሞ ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአባላቱ መሐል። እዚያ መሐንዲስ ከሌለ መሐንዲስ ከንቲባ ከየት ይመጣል?

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ለመጠየቅማ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ እርስዎ አሁን ጠየቁ እኮ። ዛሬ ንድፍ ላይ ስፈርም ግድግዳው ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ወንበር ላይ ግን እጄን ከሌላው ጋር አነሳለሁ፣ አለቀ። የራሴ ቢሮ ያቀረበውን በጀት ራሴ ላጸድቅ? ከሳሽም ዳኛም ልሁን?

ደግሞ ችግሩ የስሌት ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት አንድ ቱቦ አፍ ላይ ተንበርክኬ ሜትር ሰደድኩ። 1 ሜትር መሆን የነበረበት ክፍት ቦታ 40 ሳንቲ ብቻ ሆኗል። ሌላውን የሞላው አሸዋ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና የጫት ገረባ ነው። ገረባን በቀመር አያስቆሙትም።

ጡረተኛው፦ አቦ! ገረባችንን አትንኪብን። ቀልዴን ነው። ግን ቱቦ አፍ ላይ የተንበረከከ ሰው ስለ ጽዳት በጀት ሲናገርና ከመኪና መስኮት ያየው ሲናገር እኩል ነው? አዲስ አስፋልት ሪባን ይቆረጥለታል። ለተጠረገ ቦይ ሪባን ሲቆረጥ አይተሻል? ውሃው ደግሞ የሚወርደው ከደንገጎ በላይ ካለው ደጋ ነው። ያ የምሥራቅ ሐረርጌ መሬት ነው፤ የኛ አስተዳደር እዚያ ዛፍ ትከሉ፣ እርከን ሥሩ ብሎ አያዝም። ተደራድሮ ነው። ምን እንደሚጠይቅ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይደራደራል?

መሐንዲሷ፦ ድርድሩ ላይ ረቱኝ። ግን አንድ ስሌት ልንገርዎት። የ50 ዓመት ጎርፍ ስንል በ50 ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል ማለታችን አይደለም። በየዓመቱ የመምጣቱ ዕድል ከ100 2 ነው። የተመራጭ ዘመን 5 ዓመት ነው። በዚያ ውስጥ የመምጣቱ ዕድል ከ100 ወደ 10 ይጠጋል። እና ቦይ ሳያስጠርግ ዘመኑን የሚጨርስ ተመራጭ ከ10 9 ጊዜ ሳይነቃበት ይወጣል ማለት ነው። መራጩ ደግሞ ሥራና ቤት ይጠይቀዋል እንጂ ስለ ቱቦ ማን ያነሳበታል? እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም ብገባ በሁለተኛው ዓመት ሜትሬ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገኘው። ራሴን አውቃለሁ።

ጡረተኛው፦ ይህን ከ10 9 ያልሽውን እስካሁን ለማን ነገርሽ?

መሐንዲሷ፦ ለቢሮ ጓደኞቼ።

ጡረተኛው፦ እነሱም መሐንዲሶች ናቸዋ።

መሐንዲሷ፦ ናቸው። ምክር ቤቱ በባለሙያነት ቢጠራኝ ግን ሄጄ አስረዳለሁ።

ጡረተኛው፦ ማን ይጥራሽ?